የበር ሌባው እንባና አንዲት «ተ»

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የልጆች ፕሮግራም ክፍል ኃላፊ፣
ካሉበት ቢሮ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ ጤናችሁ የተሟላ፣ እንቅልፋችሁ የሰላም፣ የቤታችሁም በር ከውስጥ በደንብ የሚዘጋ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻው ምኞቴ ያልተለመደ ቢመስልዎ አይፍረዱብኝ፤ በእኛ ቤት ሰው ለሚያከብረው ሰው ከዚህ የሚበልጥ የሚመኝለት ነገር የለም።

እኔ መንገድ ዳር ባለ አንድ የሴቶች ጸጉር ቤት ውስጥ ፎጣ የማጥፍና የወደቀ ጸጉር የምጠርግ ልጅ ነኝ። እናቴ እዚያው ጸጉር ታጥባለች። የምንኖረውም እዚያው ሕንፃ ላይ፣ በጠባቡ ደረጃ ወጥቶ መጨረሻ ላይ ባለችው ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ፣ ደንበኞች ጥያቄ ሲጠይቁኝ ሳይቀር እናቴ ስለምትመልስልኝ፣ ለእርስዎ ግን ሌላ ሰው እንዲናገርልኝ ስላልፈለግኩ መጻፍን መርጫለሁ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጫለሁና ከጽሑፌ ውስጥ የጎደለ ቢያገኙ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የአስተማሪዎቼ አይደለም።

የምጽፍልዎ ወደ አማርኛ መልሳችሁ ስለምታሳዩት «ደወል ከተማ» ስለሚባለው የካርቱን ፊልም ነው። ምናልባት እርስዎ ፊልሙን ካላዩት ግራ እንዳይጋቡ ባጭሩ ላስረዳ። በዚያች ከተማ ጌታ ጭጋግ የሚባል ሰው አለ፤ እሱም ሰው ሲተኛ እየመጣ በር ይሰርቃል። ወርቅ አይነካም፣ እህል አይነካም፤ በር ብቻ ነው የሚወስደው። በሩ የተወሰደበት ቤት ውስጥ ጭጋግ ይገባል፤ ጭጋግ የገባበት ቤት ሰዎችም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጆሯቸውን ወደ ውጭ ቀስረው፣ ሳህን እንኳ ሲያስቀምጡ እየተጠነቀቁ ይኖራሉ። ይህን ታሪክ መጀመሪያ የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የሚያውቀውን ነገር እንደጻፈ ግን አልጠራጠርም።

በመጨረሻው ክፍል ጌታ ጭጋግ ከክፋቱ ይመለሳል። ያ ክፍል የታየ ዕለት ጸጉር ቤታችን ጢም ብሎ ነበር። የጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ራሳቸውን ያስገቡ ደንበኞች የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙ እየጮኹ ነው የሚያወሩት፤ ያን ዕለት ግን እነሱም ዝም አሉ። ጌታ ጭጋግ ሲያለቅስ አንዷ ደንበኛ ፎጣ አምጪልኝ አለችኝና ዓይኗን ጠረገች። የጸጉር ቤቱ ባለቤት እትዬም ማበጠሪያቸውን አስቀምጠው ወደ እናቴ ዞሩ።

«ይኸው፣ እንኳን ያንቺ ባል ጭጋግም ተመለሰ» አሏት።

ሁሉም ሳቁ። እናቴ የያዘችውን ጸጉር ማጠቧን ቀጠለች።

አባቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ተሳፋሪዎቹ ይወዱታል፤ አሮጊት ሲያይ ወርዶ ዘንቢል ይቀበላል፣ ቀልዱም አያልቅበትም። ከእኛ ተለይቶ መኖር ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው፤ የተለየውም በሩን ሰብሮ ገብቶ፣ የእናቴን ግራ ክንድ ከሰበረ በኋላ ነው። ክንዷ ዛሬም ከትከሻዋ በላይ ስለማይነሳ ካስኩን ከደንበኛ ራስ ላይ የማነሳላት እኔ ነኝ። አሁን ተለውጫለሁ፣ ወደ ቤቴ ልግባ ብሏል። እናቴ እሺም እምቢም ሳትል ከረመች። እሱ በራሱ የፊታችን ቅዳሜ ዕቃውን ይዞ እንደሚመጣ ቁርጥ አድርጎ ነግሯል፤ እናንተም በዚያው ቅዳሜ፣ በዚያው ከሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻውን ክፍል «በተመልካቾች ጥያቄ» እንደምትደግሙት አስታውቃችኋል። ስለዚህ እርስዎ ሳያውቁት ወደ ቤታችን ጉዳይ ገብተዋልና፣ ገብተው ላይቀር ይህንን ይስሙኝ።

አንደኛ፦ ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። ጌታ ጭጋግ ዓመት ሙሉ በር ሲሰርቅ ኖሮ ከክፋቱ የተመለሰው ከሳሙና ማስታወቂያችሁ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ደወሉ ጮኸ፣ አንድ ነገር ትዝ አለው፣ እንባው ወረደ፣ አለቀ። በእኛ ጸጉር ቤት ቀለም የተቀባች ሴት እንኳ ቀለሙ እስኪይዝላት ከዚያ በላይ ትቀመጣለች፤ ያም ሆኖ ከሥሩ የሚያድገው ጸጉር የድሮው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ አንድ ክፉ ሰው መመለሱን የምናምነው መቼ እንደተመለሰ ማወቅ ሲያቅተን ነው። አንድ ቀን ዞር ብለን ስናስብ፣ ይህ ሰው ክፉ ከሠራ ቆየ እኮ እንላለን፤ እሱ ግን ነግሮን አያውቅም። ተመለስኩ ብሎ ቀኑን የሚያውጅልን ሰው የሚፈልገው ነገር አለ። አባቴ አውጆልናል።

ሁለተኛ፦ ስለ አልባሳቱ። የጌታ ጭጋግ ጥቁር ካባ በነፋስ ሲወልቅ ከሥሩ ነጭ ልብስ ብቅ አለ፤ ቀይ የነበረው ዓይኑም ሰማያዊ ሆነ። ይህን ያደረጋችሁት ለሕፃናት እንዲቀላቸው መሆኑን እረዳለሁ፣ ቀሏቸዋልም። የስድስት ዓመት እህት አለችኝ፤ የእናንተ ፕሮግራም አንደኛ ተማሪ እሷ ናት። አባቴ ተለውጫለሁ ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ቀን የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ድሮ በቡጢ የሚደበድበውን በር ያን ቀን በአንድ ጥፍሩ አንኳኳ። እህቴ ከፈተችለት፤ ጎንበስ በልልኝ አለችውና ሁለቱንም ዓይኖቹን በየተራ መርምራ፣ ሮጣ መጥታ በጆሮዬ «ቀይ የለውም» አለችኝ።

እኔ አባቴን በዓይኑ ቀለም አውቄው አላውቅም። የማውቀው በኮቴው ነው። ደረጃው የሚታጠፍበት ቦታ ሲደርስ ቆም ይላል፤ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ፣ ምን እንደምናወራ ያዳምጣል፤ ከዚያ ይወጣል። ነጭ ሸሚዝ በለበሰበት ቀንም ቆም ብሎ አዳምጧል። እንዲህ ያለውን ነገር በካርቱን ማሳየት እንደሚከብድ ይገባኛል፤ ኮቴ ቀለም የለውምና።

ሦስተኛ፦ ስለ ልጅነቱ ታሪክ። ጌታ ጭጋግ ልጅ ሳለ የገዛ ቤቱ በር እንደተሰረቀበት ስታሳዩን አዝኜለታለሁ፤ ይህን የምለው እውነቴን ነው። ነገር ግን ያ ታሪክ ለምን እንደሚሰርቅ ይነግረናል እንጂ የሰረቀውን ለማንም አይመልስም። አዝኖልን ሳይሆን አሳዝኖን የሚገባ ሰው አለ። አባቴም ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ አባቱ በቀበቶ እንዴት ይገርፈው እንደነበረ አጫወተን። ታሪኩ ውሸት አይደለም፤ ጀርባው ላይ ያለውን ጠባሳ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እናቴ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። እኛ እንባችንን ስንጠርግ እሱ ተነስቶ ይዞት የመጣውን የመሣሪያ ሳጥን ከፈተና የበራችንን መቀርቀሪያ ፈታው። ዝጓል፣ አያስፈልጋችሁም አለ፤ ኪሱ ውስጥም ከተተው። የበራችንን ቁልፍ ድሮ ከእኛ ሲለይ ይዞት እንደሄደ ነው። እስካሁን ያስተኛችን መቀርቀሪያዋ ነበረች።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህርት የመሣሪያ ሳጥን ይዞ ሲወርድ አግኝተውት፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፣ ገና ሳይገባ ቤቱን ማደስ ጀመረ ብለው እንዳመሰገኑት በማግስቱ ለእናቴ ነገሯት።

አራተኛ፦ ስለ ይቅር ባዮቹ ደግነት። ጌታ ጭጋግን በከተማው ሕዝብ ስም አቅፎ ይቅር ያለው ደወል ደዋዩ ጀግና ነው። ይህ ጀግና የሚኖረው ማማ ላይ ነው፤ ማማው ደግሞ ከጥንትም በር የለውም። ያልተዘረፈ ሰው ይቅር ሲል ከኪሱ የሚወጣ ነገር ስለሌለ እጁ ይፈታል። በር በነበረበት ቦታ ጆንያ ሰቅላ ስትተኛ የከረመችው የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ግን በመጨረሻው ክፍል አንዲት ቃል አልተሰጣትም፤ ከሰው መሃል ቆማ ፈገግ እንድትል ብቻ አድርጋችኋታል። እኔ ያን ዕለት ከጌታ ጭጋግ ይልቅ እሷን ነበር የማየው።

የእኛም ጸጉር ቤት እንደዚያው ነው። የኮቴውን ነገር የማያውቁ ሴቶች እናቴን እየመከሯት ነው። አንዷ ደንበኛ እኔ ብሆን እንዲህ ያለ ሸንቃጣ ሰው ደጅ ላይ አላቆምም ነበር ስትል፣ አጠገቧ ያለችው፣ ውሰጂው ታዲያ፣ ማን ያዘሽ፣ ቅዳሜም ስለማይሠራ ልጆች ያይልሻል አለቻት፤ ጸጉር ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እናቴም ትንሽ ሳቀች። ሳቅ ሲበዛ እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን አየሁ።

ወደ አምስተኛው ከመሄዴ በፊት ቁጥር የማልሰጠው አንድ እውነተኛ ምስጋና አለኝ። በፊልሙ ውስጥ የጌታ ጭጋግ ሎሌ የሆነ፣ የበር ማጠፊያ እየነቀለ የሚሰጠው፣ ስሙም ማጠፊያ የሚባል አጭር ሰውዬ አለ። ይህ ሰው መሃል አካባቢ ባለ አንድ ክፍል ላይ፣ ማንም ሳያየው፣ ትልቅ በር በጀርባው ተሸክሞ ወደ አንዲት አሮጊት ቤት ይመጣል። አሮጊቷ እጣቢ ትደፋበታለች። በሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይሄዳል። ሌላ ቀን ማጠፊያዎቹን ይዞ ይመጣል፣ ትሰድበዋለች፣ እሱ ሚስማሩን ይመታል። ተለውጫለሁ አይልም፤ አንጀቷን ለመብላት የእናቱን ታሪክ አያወራም። ገጥሞ ሲጨርስ አሮጊቷ በሩን ከውስጥ ድርግም አድርጋ ትዘጋበታለች። እሱም ከውጭ ሆኖ በእጁ ገፋ፣ ገፋ አድርጎ በደንብ መዘጋቱን ያረጋግጥና ይሄዳል።

ክቡር ኃላፊ፣ የተመለሰ ክፉ ሰው ምን እንደሚመስል ከጠየቁኝ መልሴ ይኸው ነው፤ በራሱ ላይ የተዘጋው በር ጠብቆ መዘጋቱን የሚያረጋግጥ ሰው ነው። ያንን ክፍል ያሳያችሁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲደገም በሩን ሲገጥም ያለውን ቦታ ቆርጣችሁ የፍራሽ ማስታወቂያ አስገባችሁበት። ስለ ፍራሹም አመሰግናለሁ፤ እንቅልፍ ለሚተኛ ሰው ጥሩ ይመስላል።

አምስተኛ፦ ስለ አንዲት ፊደል። ከትምህርት ቤት ይዤው ከወጣሁት ጥቂት ነገር ውስጥ አድራጊና ተደራጊ የሚባለው ትምህርት አለ። «ሰበረ» ሲሆን የሰበረው ሰው አለ፤ «ተሰበረ» ሲሆን ግን ያ ሰው የለም፣ ዕቃው ብቻውን መሬት ላይ ቀርቷል። ይህን ሁሉ የምታደርገው «ተ» ናት። አሁን ጌታ ጭጋግ ሕዝቡ ፊት ተንበርክኮ በአማርኛ የተናገረውን ልጻፍልዎ፤ እህቴ በቃሏ ስለምትለው አልሳሳትም። «በሮቻችሁ ተወሰዱ። ቤቶቻችሁ ተከፈቱ። ልጆቻችሁ ተበተኑ። ይቅርታ ይደረግልኝ።»

በመጀመሪያው ቋንቋ ምን ብሎ እንደነበረ አላውቅም፤ ምናልባት ትርጉሙን የሠሩት ሰው ቸኩለው ይሆናል። በአማርኛችን ግን ይህ ሰው አንድም በር አልወሰደም። በሮቹ ተወሰዱ፣ እሱም እንደማንኛችንም አዘነ። ይቅርታውን እንኳ ከማንም አልጠየቀም፤ ይደረግልኝ ነው ያለው፣ አድራጊው ማንም ይሁን ማን። ከዚያ በሮቹ ሁሉ በሰማይ እየበረሩ መጥተው በየቦታቸው ገጠሙ፤ እሱ አንዱንም በትከሻው አልተሸከመም። ፊልሙን ወደ አማርኛ መልሳችሁታል፤ ሰውየውን ግን አልመለሳችሁትም።

ይህ የፊደል ጨዋታ የቤታችንን በር እንዴት እንደሚነካ ልንገርዎና ልጨርስ። አባቴ ለሦስተኛ ጊዜ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ኮቴው መታጠፊያው ላይ ቆመ፣ አዳመጠ፣ ወጣ። በጥፍሩ ሲያንኳኳ እህቴ ልትከፍት ስትሮጥ እናቴ በቀኝ እጇ ቀሚሷን ያዘቻት፤ በሩንም በትከሻዋ ደገፈችው። እሱም ውጭ ሆኖ በለሰለሰ ድምፅ ማውራት ጀመረ። «ያኔ በሩ ተሰበረ፤ ክንድሽም ተጎዳ፤ እኔም ተጎዳሁ። ያለፈው ይረሳ» አለ። እህቴ ከንፈሯ አብሮት ሲንቀሳቀስ አየሁት። ቃሉ ትንሽ ቢለያይም ዜማውን ከፊልሙ ስለምታውቀው እየተከተለችው ነበር።

እናቴ «መቀርቀሪያችንስ?» አለችው።

«ይገጠማል።»

«ማነው የሚገጥመው?»

የበሩ እጀታ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ፤ እናቴም በትከሻዋ እንደገፋችው ቆየች፤ ከዚያ እጀታው ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ኮቴው ወረደ፣ መታጠፊያው ላይ ቆመ፣ እዚያ ረጅም ጊዜ ቆየ። በማግስቱ ጡረተኛዋ መምህርት ሲነግሩን፣ ትንሽ ተናዳለች፣ ይበርድላታል፣ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏቸው፣ አንድ ቀልድም ነግሯቸው ነው የሄደው።

እናቴ ያን ዕለት ቆርጣ ወሰነች። ዳግመኛ እዚህ ቤት አይገባም ብላ፣ በአንድ እጇ እየገፋች፣ እኔም እያገዝኳት ቁም ሳጥኑን በሩ ላይ አስጠጋነው። እህቴ ግን ግድግዳ ተደግፋ እያየችን ስታለቅስ ነበር። ለምን እንደምታለቅስ ስጠይቃት የመለሰችልኝን እርስዎም ቢሰሙት ደስ ይለኛል፤ ደክማችሁ የዘራችሁት ነውና ፍሬውን ማየት ይገባችኋል። «እሱ እኮ አለቀሰ። ካለቀሰ በኋላ የማይከፍትለት ነው ክፉው» አለችኝ።

ይህን ከየት እንዳመጣችው አስቤ ደረስኩበት። በመጨረሻው ክፍል ሁሉም ሲያጨበጭቡ አልስማማም ያለ አንድ ወፍጮ ቤት ያለው ሽማግሌ አለ፤ እሱን ጉብጥ አድርገው፣ ቅንድቡን አጥቁረው የሳሉት ሰዎች፣ ድምፁንም የሚያንቋርር አድርጋችሁ የሰጣችሁት እናንተ፣ ሕፃናቱ የሚጠሉትን ሰው እንዳያጡ ስትጠነቀቁ እናቴን ሰጥታችኋቸዋል። እህቴ አሁን እናቴን ስታይ ቅንድቧን ነው የምታየው።

አሁን ቅዳሜ ምን እንደሚሆን ታየኝ። እናንተ ፊልሙን ስትደግሙ ጸጉር ቤቱ ይሞላል። ካስኮቹ ጸጥ ይላሉ፤ ጌታ ጭጋግ ይንበረከካል፤ ፎጣ አምጪልኝ የሚሉኝ ይበዛሉ። ዓይኖች ሁሉ እንደረጠቡ አባቴ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ሻንጣውን ይዞ በመስታወቱ በር ይገባል። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሁለት እጇ አረፋ የሆነው እናቴ ወይ እሺ ትላለች፣ ወይ ወፍጮ ቤት ያለውን ሽማግሌ ትሆናለች። እህቴም ሮጣ እጁን ትይዘዋለች፤ የቤታችንንም በር ከፍታ የምታስገባው እሷ ናት። ይህን የምለው ጨለምተኛ ስለሆንኩ አይመስለኝም። አባቴ ሦስተኛ የመጣ ቀን ደረጃውን ከመውጣቱ በፊት እህቴን ታች ሱቅ በር ላይ አግኝቷት ከረሜላ ገዝቶላት ነበር፤ የጠየቃትም አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ያ ፊልም ቅዳሜ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጀምረው?

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ ፊልሙን እንዲያስቀሩልኝ አይደለም፤ ከደወል ከተማ በላይ የምወደው ፊልም የለኝም። ሽማግሌውን እንደገና ሳሉት፣ በሮቹን በጀርባው አሸክሙት ብልዎ ከእናንተ አቅም በላይ እንደሆነ አውቃለሁ። የምለምንዎ ለጌታ ጭጋግ ድምፁን የሰጡት ተዋናይ ከቅዳሜ በፊት ማይክራፎን ፊት ቆመው ሦስት ቃል እንዲለውጡ ነው፦ ወሰድኩ፣ ከፈትኩ፣ በተንኩ። አፉ ሲንቀሳቀስ ከሥዕሉ ጋር እንደሚገጥም መስታወት ፊት ቆሜ ሞክሬዋለሁ፤ እንዲያውም ያጥራል። እህቴ ፊልሙን በቃሏ ነው የምትይዘው። ጌታ ጭጋግ «ወሰድኩ» ሲል አንድ ጊዜ ብትሰማው፣ አባቴ ሲመጣ ያንን ቃል ትጠብቃለች፤ ሳይለው ሲቀርም የጎደለው ነገር እንዳለ ይገባታል። እኔ ብነግራት አታምነኝም፤ እኔ ቴሌቪዥን አይደለሁም።

አማርኛችን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል። ይህን ተረት ድሮም አውቀዋለሁ፤ ልብ ብዬ ያየሁት ግን ሰሞኑን ነው። «ተ» ያለችው የተወጋው ላይ ነው። ቦታዋ እዚያ ነው፣ የእናቴ ክንድ ላይ፣ የጋጋሪው ልጅ ጆንያ ላይ። ወጊው ከእኛ ሰርቆ ለራሱ ሲለብሳት በር ከመስረቅ አይተናነስም።

ውድ ጊዜዎን ሰጥተው እስከዚህ ካነበቡልኝ፣ ለሕፃናት ምን ቢያስተምሯቸው እንደሚሻል ሳይጨነቁ ለዓመታት ላሳዩት የማይናወጥ መረጋጋት፣ እንባን ከማስታወቂያ ጋር አስማምቶ ለማቅረብ ላላችሁ ተሰጥኦ፣ እንዲሁም ለእናቴ ሳትጠይቃችሁ ለሰጣችኋት የክፉ ሰው ቦታ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ መልስዎን ከቅዳሜ በፊት በጉጉት እጠብቃለሁ።

ታማኝ ተመልካችዎ፣
ከቁም ሳጥኑ ወዲህ ያለችው ፎጣ አጣፊ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጣቢያችሁ በር ላይ ባለው የአስተያየት ሳጥን ውስጥ ለመክተት ዛሬ ጠዋት መጥቼ ነበር። ሳጥኑ ሞልቶ ወረቀቱ በአፉ ወጥቷል። ዘበኛው ቁልፉ ስለጠፋ ሳይከፈት እንደከረመ ነገሩኝ። ማን እንዳጠፋው ስጠይቃቸው «ጠፋ ነው የምልሽ» አሉኝ። ስለዚህ ለጋዜጣ እሰጠዋለሁ። መልስ ሊጽፉልኝ አስበው «ስሕተት ተፈጥሯል፣ ወደፊት ይታረማል» የሚል ከሆነ ግን ለእኔ ባይልኩት ይሻላል። አሁን ይህን ስጽፍ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው አለ፤ ለእሱ ይላኩለት፤ አነጋገሩ አዲስ አይሆንበትም።